ጨው ውሃ ውስጥ ምን ይሆናል? የአዮን ታሪክ

የደረቀ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የተጣራ ውሃም ቢሆን፣ ከቁጥር የማይገባ ካልሆነ በቀር፣ አያስተላልፍም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ጨው የሟሟበት ውሃ ኤሌክትሪክን አሳምሮ ያሳልፋል። ለየብቻቸው እምቢ ያሉት ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ እሺ የሚሉት ለምንድን ነው? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ደክመውበታል፤ ተሟግተውበታል፤ አንዳንዱም ስሙን ሊያጣበት ምንም አልቀረውም። መልሱ ተሟልቶ ሲገኝ ደግሞ የጨው ብቻ ሳይሆን የአቶም ገመናም አብሮ ተገለጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚነሳው ከ1800 ነው። በዚያ ዓመት ማርች 20 ቀን ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ለሰር ጆሴፍ ባንክስ ደብዳቤ ጻፈ። የብርና የዚንክ ዝርግ ቁርጥራጮችን እያፈራረቀ ቆልሎ፣ በየመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን ቢያስገባ፣ ከቁልሉ ጫፍና ጫፍ ሳይቋረጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ እንደሚገኝ አስረዳ። እስከዚያ ድረስ ሰው የሚያውቀው ኤሌክትሪክ በፍትጊያ ተጠራቅሞ በአንድ ብልጭታ የሚያልቅ ነበር። የመጀመሪያው ባትሪ ይህ የቮልታ ቁልል ነው። ካርቶኑን ያራሰው የጨው ውሃ ለምን እንዳስፈለገ ግን ቮልታ ራሱ በትክክል አልተረዳውም።

ደብዳቤው ገና ሳይታተም ባንክስ ለወዳጆቹ አሳየ። ከእነሱ በኩል የሰሙት ዊልያም ኒኮልሰንና ሐኪሙ አንቶኒ ካርላይል የራሳቸውን ቁልል ሠርተው በሜይ ወር ሁለት ሽቦዎችን ውሃ ውስጥ ነከሩ። በአንደኛው ሽቦ በኩል ሃይድሮጅን፣ በሌላኛው በኩል ኦክስጅን ወጣ። ውሃ በኤሌክትሪክ ተከፈለ። ይህ ግኝት ወዲያው ሌላ እንቆቅልሽ ወለደ። ሁለቱ ሽቦዎች ተራርቀው ነው የቆሙት። ውሃው ተከፍሎ ከሆነ ሃይድሮጅኑ እዚህ ብቻ፣ ኦክስጅኑ እዚያ ማዶ ብቻ ብቅ የሚለው እንዴት ነው? በመካከል ባለው ውሃ ውስጥ አረፋ የለም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም። የሆነ ነገር ግን ሳይታይ እየተሻገረ ነው።

ሮም የነበረው የ20 ዓመት ወጣት ቴዎዶር ግሮትሁስ በ1805 አንድ መልስ አቀረበ። የውሃ ቅንጣቶች ከሽቦ እስከ ሽቦ ተሰልፈው፣ ለደቦ የወጡ ሰዎች ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉ፣ እያንዳንዱ ቅንጣት ሃይድሮጅኑን ለጎረቤቱ እያሳለፈ ከወዲያኛው ጎረቤት ይቀበላል፤ ጫፍ ላይ የደረሰው ብቻ በአረፋ ይወጣል አለ። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ የሃይድሮጅን አዮን በውሃ ውስጥ የሚጓዝበት መንገድ ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። ለጨው ግን አልሆነም።

በኦክቶበር 1807 ሃምፍሪ ዴቪ በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ቤተ ሙከራ ከእንጨት አመድ የሚገኘውን ፖታሽ ጥቂት አርጥቦ ከባድ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ፖታሹ ቀለጠ፤ ብር የሚመስሉ ትንንሽ እንክብሎችም ብቅ አሉ፤ አንዳንዶቹ ወዲያው ተቀጣጠሉ። ከዚያ ቀን በፊት ማንም ያላየው ብረት፣ ፖታሲየም ነበር። አብሮት የነበረው ዘመዱ ኤድመንድ ዴቪ እንደመሰከረው ሃምፍሪ በደስታ ክፍሉን እየዞረ ዘለለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚሁ መንገድ ሶዲየምን አገኘ። በዓመቱ ካልሲየም፣ ባሪየም፣ ስትሮንቲየምና ማግኒዚየም ተከተሉ።

ዴቪና የስቶክሆልሙ ዮንስ ያኮብ በርዜሊየስ ከዚህ የደረሱበት ድምዳሜ ተመሳሳይ ነበር። ኤሌክትሪክ ውህድን የሚፈታ ከሆነ፣ ውህድን ያሰረውም ኤሌክትሪክ መሆን አለበት። በርዜሊየስ ነገሩን አስፋፍቶ እያንዳንዱ ውህድ አንድ ፖዘቲቭና አንድ ኔጋቲቭ ወገን አለው፣ የተያያዙትም በሁለቱ መሳሳብ ነው ብሎ አስተማረ። ለጨው ይህ በጣም ተስማሚ ነበር። ችግሩ የመጣው ከሃይድሮጅን ጋዝ ነው። አሜዴዮ አቮጋድሮ በ1811 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት የሃይድሮጅን ጋዝ ቅንጣት ሁለት ሃይድሮጅን የተያያዙበት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ማንኛው ፖዘቲቭ፣ ማንኛው ኔጋቲቭ ይሆናል? በርዜሊየስ ይህን መመለስ ስላልቻለ የአቮጋድሮን ሐሳብ አልተቀበለም። በሥልጣኑ ከባድነት ብዙዎችም ተከተሉት። ሐሳቡ ለአሥርት ዓመታት ተገፍቶ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጥያቄው ግን አልሞተም፣ እስከ 1916 ድረስ ጠበቀ።

የዴቪ ትልቁ ግኝት ፋራዴይ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ማይክል ፋራዴይ በ1791 ከአንጥረኛ አባት ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየው ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ እስኪለይ ያህል ነው። በ14 ዓመቱ ለመጽሐፍ ጠራዥ ተቀጥሮ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ አደገ። በ1812 የዴቪን ንግግሮች የሚሰማበት ቲኬት ከአንድ ደንበኛ አገኘ፤ የሰማውን በጥንቃቄ ጽፎ፣ ራሱ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በ1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን የቤተ ሙከራ ረዳት ሆነ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ረዳት በዘመኑ ወደር የሌለው የኤሌክትሪክ ተመራማሪ ሆኖ ወደ ቮልታና ዴቪ ጥያቄ ተመለሰ። ፋራዴይ ከፊተኞቹ የተለየው መለካቱ ላይ ነው። አንዱን ኤሌክትሪክ በተለያዩ ዕቃዎች ውስጥ ባሉ የተለያዩ ፈሳሾች በተከታታይ አሳልፎ ከየዕቃው የወጣውን መዘነ። ያገኘው ሕግ ቀላልና አስደናቂ ነበር። 1 ግራም ሃይድሮጅን የሚያወጣው የኤሌክትሪክ መጠን ከሌላው ዕቃ 8 ግራም ኦክስጅን፣ ከሌላው 108 ግራም ያህል ብር ያወጣል። እነዚህ ቁጥሮች ኬሚስቶች ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ንክኪ በሌለው መንገድ፣ በሚዛን ብቻ፣ ቀድመው የሚያውቋቸው የመዋሃጃ መጠኖች ናቸው። ዛሬ ያ የኤሌክትሪክ መጠን 96,485 ኩሎምብ ተብሎ በፋራዴይ ስም ይጠራል።

በ1834 ውጤቱን ሲያሳትም አዲስ ስሞች ያስፈልጉት ነበር። በዘመኑ የነበሩት ቃላት ኤሌክትሪክ ከወዴት ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው የሚፈርዱ ስለሆኑ አልወደዳቸውም። የካምብሪጁን ዊልያም ሂዌልን በደብዳቤ አማከረ። አኖድና ካቶድ (ፈሳሹ ውስጥ የሚነከሩት ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ጫፍ)፣ አዮንም የሚባሉት ከዚያ ምክክር ወጡ፤ አዮን በግሪክኛ ተጓዥ ማለት ነው። ወደ አኖድ የሚሄደው አናዮን፣ ወደ ካቶድ የሚሄደው ካታዮን ተባለ።

ስሙ ይውጣ እንጂ ተጓዡ ማን እንደሆነ ፋራዴይ አላወቀም። ለእሱ አዮን የሚፈጠረው ኤሌክትሪኩ ውህዱን ቀድዶ ሲለየው ነው። ኤሌክትሪኩ ከቆመ አዮን የለም። አቶም የሚለውንም ቃል በልቡ አያምነውም ነበር፤ ለመናገር ቀላል ቢሆንም ምንነቱን መጨበጥ ከባድ ነው ይል ነበር። ይህ ጥርጣሬው በእጁ ከነበረው ታላቅ ውጤት አስቀረው። የብር አቶም ሁሉ እኩል የኤሌክትሪክ መጠን ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ራሱ ከዚያ በታች የማይከፈል ቅንጣት አለው ማለት ነው። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ይህን በግልጽ የተናገረው በ1881 ነው፤ የተናገረውም ለፋራዴይ መታሰቢያ በለንደን ባደረገው ንግግር ላይ ነበር። አየርላንዳዊው ጆርጅ ጆንስተን ስቶኒ የዚያን ቅንጣት መጠን በግምት አስልቶ ነበርና በ1891 ኤሌክትሮን የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ቅንጣቱ ከመገኘቱ በፊት ተዘጋጅቶ ጠበቀ።

በመካከሉ ሦስት ጀርመኖች መንገዱን ጠርገዋል። ዮሐን ሂቶርፍ ከ1853 ጀምሮ አዮኖች በአንድ ፍጥነት እንደማይጓዙ አሳየ። ፍሪድሪሽ ኮልራውሽ በ1870ዎቹ አቅጣጫውን በሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ እየለካ እያንዳንዱ አዮን ጥንዱ ማንም ይሁን የራሱ ፍጥነት እንዳለው አረጋገጠ። ከሁሉ የጠለቀው ግን የሩዶልፍ ክላውዚየስ የ1857 ክርክር ነው። ኤሌክትሪኩ ቅንጣቶቹን ቀድዶ መለየት ካለበት፣ ለመቅደድ የሚበቃ ጉልበት እስኪደርስ ድረስ ምንም መፍሰስ የለበትም ነበር። እውነታው ግን በጣም ደካማ ኃይል እንኳ በፈሳሹ ውስጥ እንደ አቅሙ ፍሰት መፍጠሩ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ከመምጣቱ በፊት የተለያዩ ጥቂት ቅንጣቶች መኖር አለባቸው። ጥቂት ብሎ አቆመ። ከዚያ በላይ ለመሄድ የደፈረ አልነበረም።

ስቫንተ አሬኒየስ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1859 ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ አጠገብ ተወለደ። በ17 ዓመቱ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን የፊዚክሱም የኬሚስትሪውም መምህር አልተስማሙትም። የኬሚስትሪው ፔር ቴዎዶር ክሌቭ ሆልሚየምና ቱሊየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ያገኘ የተከበረ ሰው ቢሆንም ለንድፈ ሐሳብ ብዙም ጆሮ አልነበረውም። አሬኒየስ በ1881 ትቷቸው ስቶክሆልም ወደ ሳይንስ አካዳሚው ፊዚክስ ሊቅ ወደ ኤሪክ ኤድሉንድ ሄደ። እዚያም ጨዎችና አሲዶች በውሃ እየቀጠኑ ሲሄዱ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅማቸው እንዴት እንደሚለወጥ ለካ። ውሃ በተጨመረ ቁጥር እያንዳንዱ የጨው ግራም በተሻለ ያስተላልፋል። ይህ ለምን ሆነ? በሜይ 1883 አንድ ሌሊት መልሱ እንደመጣለትና ነገሩን ሁሉ ከዳር እስኪያደርስ እንቅልፍ እንዳልወሰደው በኋላ ራሱ ተናግሯል። ጨው በውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሳይነካው በፊት ተከፍሏል፤ ውሃ በበዛ ቁጥር የተከፈለው ይበዛል።

ክሌቭ ዘንድ ሄዶ አዲስ ንድፈ ሐሳብ እንዳለው ሲነግረው፣ ክሌቭ ደስ የሚል ነገር ነው ብሎ ተሰናበተው። በ1884 በፈረንሳይኛ የተጻፈውን 150 ገጽ የዶክትሬት ጽሑፉን ለኡፕሳላ አቀረበ፤ በዚያ ጽሑፍ እንኳ ሐሳቡን በግልጽ አላወጣውም። አዮን ከማለት ይልቅ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ንቁ ቅንጣቶች እያለ በጥንቃቄ ነው የሄደው። ጥንቃቄው አላዳነውም። ለጽሑፉ የተሰጠው ማዕረግ ዝቅተኛ ስለነበረ በዩኒቨርሲቲው መምህር የመሆን ተስፋው ሊዘጋ ደረሰ።

ተቃዋሚዎቹን ክፉ ወይም ደደብ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ እኔ ግን ፍርዱ ልክ አይመስለኝም። ያነሱት ጥያቄ በጣም ጠንካራ ነበር። ጨው የሶዲየምና የክሎሪን ውህድ ነው። ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚቀጣጠል ብረት ነው። ክሎሪን አረንጓዴ መርዘኛ ጋዝ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 ኢፕር ላይ ወታደሮችን የፈጀው እሱ ነው። ጨው በውሃ ውስጥ ወደ ሶዲየምና ክሎሪን ይለያያል ማለት፣ የሾርባ ድስት ውስጥ እሳትና መርዝ አለ ማለት ነው። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመል የሚወጣው፣ አሞሌ ተብሎ በአገራችን ለብዙ ዘመን ገንዘብ ሆኖ የተገበያየንበት ጨው ያው ሶዲየምና ክሎሪን ነው፤ የላሰው ሁሉ ግን አልተቃጠለም፣ አልታፈነም። ኬሚስቱ ቪልሄልም ኦስትቫልድ በኋላ እንደጻፈው ክሌቭ ጨው የሟሟበትን ብርጭቆ እያሳየ፣ እዚያ ውስጥ የሶዲየም አቶሞች ይዋኛሉ ብለህ ታምናለህ? ብሎ ጠይቆታል። ኦስትቫልድ አዎ ሲለው የክሌቭ ዓይን ጤንነቱን የሚጠራጠር ዓይን ነበር።

ኦስትቫልድ ያን ጊዜ በሪጋ ፖሊቴክኒክ ፕሮፌሰር ነው። አሬኒየስ ጽሑፉን በፖስታ ላከለት። ኦስትቫልድ በጁን 1884 በአንድ ቀን ሦስት ነገር እንደደረሰበት ሲያወጋ ይኖር ነበር፤ የጥርስ ሕመም፣ አዲስ የተወለደች ሴት ልጅ፣ እና የአሬኒየስ ጽሑፍ። ከሦስቱ ራሱን ያሳመመው ጽሑፉ ነው። እሱ ራሱ የተለያዩ አሲዶች ሥራቸውን በምን ፍጥነት እንደሚሠሩ ለዓመታት ለክቶ ነበር። የአሬኒየስ የኤሌክትሪክ ቁጥሮች ከእሱ የፍጥነት ቁጥሮች ጋር ገጠሙ፤ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍ አሲድ ሥራውንም በፍጥነት ይሠራል። በኦገስት ወር ተነሥቶ ኡፕሳላ ድረስ ሄደና ለወጣቱ በሪጋ የማስተማር ቦታ እሰጥሃለሁ አለው። የውጭ ፕሮፌሰር ይህን ያህል ርቀት አቋርጦ ሲመጣ ያዩት የኡፕሳላ ሰዎችም በመጨረሻ የመምህርነቱን ማዕረግ ሰጡት።

ማስረጃው የመጣው ከበረዶ ነው። ማንኛውም ነገር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃው የሚረጋበትን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል። ዝቅታው የሚወሰነው በሟሟው ቅንጣት ቁጥር እንጂ በዓይነቱ አይደለም። ለስኳር ሒሳቡ በትክክል ይሠራል። ለጨው ግን ዝቅታው ወደ እጥፍ የተጠጋ ሆነ፤ ለካልሲየም ክሎራይድ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ። የአምስተርዳሙ ያኮቡስ ቫንት ሆፍ ይህን ትርፍ በሒሳቡ ውስጥ እንደ ማስተካከያ ቁጥር አስገብቶት ነበር፤ ምክንያቱን ግን አላወቀውም። አሬኒየስ የቫንት ሆፍን ሥራ ሲያነብ ወዲያው ገባው። ጨው ሁለት ቅንጣት ይሆናል፤ ካልሲየም ክሎራይድ አንድ ካልሲየምና ሁለት ክሎሪን፣ በድምሩ ሦስት። በኤሌክትሪክ የተለካውና በበረዶ የተለካው አንድ ነገር ተናገሩ። በ1887 ኦስትቫልድና ቫንት ሆፍ ባቋቋሙት የፊዚካል ኬሚስትሪ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ፣ በዚህ ጊዜ ያለ መሸፋፈን፣ ጨው ውሃ ውስጥ ወደ አዮኖች ይለያያል ብሎ ጻፈ።

ለእሳቱና ለመርዙ ጥያቄ የሰጠው መልስ አጭር ነበር። ውሃው ውስጥ ያለው ሶዲየም ብረቱ ሶዲየም አይደለም፤ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዟል። ክሎሪኑም ኔጋቲቭ ቻርጅ ይዟል። ቻርጁ ሌላ ነገር ያደርጋቸዋል። እውነት ነው፤ ግን ቻርጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በ1887 ማንም ማስረዳት አይችልም ነበር። ለዚህም ነው ሩሲያ ውስጥ ሜንዴሌዬቭ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሄንሪ አርምስትሮንግ ያልተቀበሉት። አርምስትሮንግን እናስታውሰው፤ እንመለስበታለን። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ አሬኒየስ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተቀበለ፤ ለስዊድን የመጀመሪያው ኖቤል ነበር። ከኖቤል የኬሚስትሪ ኮሚቴ አባላት አንዱ ክሌቭ ነበር።

ቻርጅ ምን እንደሆነ የተገለጠው ከውሃ ሳይሆን አየር ከወጣለት የመስታወት ቱቦ ነው። በ1897 በካምብሪጅ የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ጆሴፍ ጆን ቶምሰን ከካቶድ የሚወጣውን ጨረር በማግኔትና በኤሌክትሪክ እያጠፈ ለካ። ጨረሩ ኔጋቲቭ ቻርጅ የያዙ ቅንጣቶች ጅረት ሆኖ ተገኘ። ካቶዱ ከየትኛውም ብረት ቢሠራ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ጋዝ የቱም ቢሆን፣ ቅንጣቱ አንድ ነው። ክብደቱም ከአቶሞች ሁሉ ቀላል ከሆነው ከሃይድሮጅን በጣም ያነሰ ነው፤ ዛሬ በትክክል እንደምናውቀው ከሃይድሮጅን አቶም ወደ 1,837ኛ እጅ። የስቶኒ ስም ባለቤቱን አገኘ።

የአሬኒየስ መልስ ሥጋ የለበሰው ያን ጊዜ ነው። አዮን ማለት ኤሌክትሮን የጎደለበት ወይም የተጨመረለት አቶም ነው። እኔን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የልዩነቱ ማነስ ነው። አንድ የሶዲየም አቶም አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ ከክብደቱ የሚቀነሰው 42,000ኛ እጅ ገደማ ነው። በዚያች ኢምንት ለውጥ፣ ውሃ ነክቶት የሚቀጣጠል ብረት የሰው ደም ያለሱ የማይኖረው ነገር ይሆናል።

ያቺ አንዲት ቻርጅ ምን ያህል ናት? ቺካጎ ላይ ሮበርት ሚሊካን በ1909 ከተማሪው ከሃርቪ ፍሌቸር ጋር መለካት ጀመረ። ደቃቅ የዘይት ጠብታዎችን በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ረጭተው፣ የምድር ስበት ወደ ታች ሲጎትታቸው በኤሌክትሪክ ወደ ላይ እየያዙ በአጉሊ መነጽር ተከታተሏቸው። አንዲት ጠብታ ፍጥነቷ በድንገት ሲለወጥ ይታያል፤ ከአየሩ አንድ አዮን ያዘች ማለት ነው። ለውጡ ሁልጊዜ የአንድ መጠን ብዜት ነው፤ ግማሽ ወይም ሲሶ አልተገኘም። ፍሌቸር በኋላ እንደተረከው፣ ዘይቱን የመጠቀምና ሙከራውን የማደራጀት ሥራ አብዛኛውን የሠራው እሱ ነበር። ዋናው ጽሑፍ ግን በሚሊካን ስም ብቻ ወጣ፤ ፍሌቸር በምትኩ ሌላ ጽሑፍ ለብቻው አገኘ። ይህን ስምምነት የተረከበት ጽሑፍ የታተመው በ1981 ካረፈ በኋላ ነው። ሚሊካን በ1923 ኖቤል ተሸለመ። በ1913 ያሳተመው ቁጥር ከትክክለኛው በግማሽ በመቶ ገደማ ያንስ ነበር፤ ለሒሳቡ የተጠቀመበት የአየር መወፈር መጠን ትክክል ስላልነበረ ነው።

ኔጋቲቩ ኤሌክትሮን ከሆነ ፖዘቲቩ የት ነው? ኤርነስት ራዘርፎርድ በ1911 በማንቸስተር የአቶም ፖዘቲቭ ቻርጅ በሙሉ በመካከሉ ባለች እጅግ ትንሽ ኒውክለስ ላይ እንደተከማቸ አሳወቀ። መጠኑን ያገኘው ሄንሪ ሞዝሊ ነው። ሞዝሊ በ1913ና በ1914 ንጥረ ነገሮች የሚያወጡትን የኤክስሬይ ጨረር ከአሉሚኒየም እስከ ወርቅ ለካ። ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ ሲሄድ የኒውክለሱ ቻርጅ በአንድ ብቻ እየጨመረ ይሄዳል። የንጥረ ነገር ማንነት ክብደቱ ሳይሆን ይህ ቁጥር ነው፤ ሶዲየም 11፣ ክሎሪን 17። ቁጥራቸው ኖሮ ገና ያልተገኙትን ንጥረ ነገሮች ክፍት ቦታም አመለከተ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ወደ ሠራዊቱ ገባና ኦገስት 10 ቀን 1915 ጋሊፖሊ ላይ በጥይት ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር።

በዚያው 1913 የ23 ዓመቱ ሎረንስ ብራግ ኤክስሬይን በጨው ቅንጣት ውስጥ አሳልፎ የአቶሞቹን አሰላለፍ አነበበ። ያየው ነገር የጨውን ጥያቄ ከሥሩ ገለበጠው። በጨው ቅንጣት ውስጥ አንድ ሶዲየም ከአንድ ክሎሪን ጋር ተጣምሮ የቆመበት ቦታ የለም። እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪኖች፣ እያንዳንዱ ክሎሪን በስድስት ሶዲየሞች ተከብቧል፤ እስከ ቅንጣቱ ዳር ድረስ እንዲሁ ነው። የማን ጥንድ ማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የጨው ሞለኪውል የሚባል ነገር እዚያ የለም።

በ1916 ሁለት ሰዎች ቀሪውን ሞሉት። ጀርመናዊው ቫልተር ኮሰል እንዳስረዳው 11 ኤሌክትሮን ያለው ሶዲየም አንዱን ሲሰጥ በ10 ይጸናል፤ 17 ያለው ክሎሪን አንዱን ሲቀበል በ18 ይጸናል፤ 10 የኒዮን፣ 18 የአርጎን ቁጥር ነው፣ ሁለቱም ከማንም ጋር የማይዋሃዱ ጋዞች። በርክሌይ የነበረው ጊልበርት ሉዊስ ደግሞ ኤሌክትሮን መስጠትና መቀበል ብቻ ሳይሆን መጋራትም እንዳለ ጻፈ። ሁለት ሃይድሮጅኖች ሁለት ኤሌክትሮን ይጋራሉ፤ ማንኛቸውም ፖዘቲቭ፣ ማንኛቸውም ኔጋቲቭ መሆን አያስፈልጋቸውም። በርዜሊየስን ከመቶ ዓመት በፊት ያቆመው ጥያቄ ተፈታ።

የውሃ ሞለኪውልም የሚጋራ ነው፤ ግን እኩል አይጋራም። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ያደላል፤ ስለዚህ በእሱ በኩል ጥቂት ኔጋቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ጥቂት ፖዘቲቭ ይሆናል። ሞለኪውሉ በድምሩ ቻርጅ የለውም፤ ሁለት ጫፍ ግን አለው። እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች መኖራቸውን በ1912 ያስረዳው ሆላንዳዊው ፒተር ዴባይ ነው። ውሃ በሶዲየምና በክሎሪን አዮኖች መካከል ሲገባ ኦክስጅኑን ወደ ሶዲየም፣ ሃይድሮጅኑን ወደ ክሎሪን አዙሮ ይከባቸዋል፤ በመካከላቸው ያለውን መሳሳብም ወደ 80 ጊዜ ያዳክመዋል። የደረቀ ጨው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው አዮን ስለሌለው አይደለም፤ አዮኖቹ ከቦታቸው መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ነው። በ801 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ውሃ ቢቀልጥም ያስተላልፋል፤ ዴቪ ፖታሹን ሲያቀልጥ ያደረገውም ይህንኑ ነበር።

ዴባይና ኤሪክ ሂከል በ1923 ዙሪክ ላይ የአሬኒየስን ንድፈ ሐሳብ አረሙት። አሬኒየስ ጨው በከፊል ይለያያል፣ ሲቀጥን የበለጠ ይለያያል ብሎ ነበር። እነሱ ግን ጨው የሚለያየው ሙሉ በሙሉ ነው አሉ፤ ውሃው ሳይቀጥን ፍሰቱ የሚደክመው አዮኖቹ እርስ በርስ እየተሳሳቡ ስለሚጓተቱ ነው። ለእሳትና ለመርዝ ሲባል የተወገዘው ሰው ጥፋቱ መድፈሩ አልነበረም፤ በበቂ አለመድፈሩ ነበር። ደካማ ለሆኑት እንደ ኮምጣጤ ላሉ አሲዶች ግን የአሬኒየስ ሒሳብ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሄንሪ አርምስትሮንግ በ1927 የ79 ዓመት ሽማግሌ ነበር። አሬኒየስን ከ40 ዓመት በፊት አልተቀበለም፤ ብራግንም አልተቀበለም። ኦክቶበር 1 ቀን ኔቸር መጽሔት ላይ «ምስኪኑ የገበታ ጨው» የሚል ርዕስ የሰጠው ደብዳቤ አወጣ። ጨው ሞለኪውል የለውም፣ አዮኖቹ እንደ ቼዝ ሰሌዳ ተፈራርቀው የተደረደሩ ናቸው መባሉ ለኬሚስትሪ ስድብ እንደሆነ አድርጎ በቁጣ ጻፈ። በማግስቱ፣ ኦክቶበር 2፣ አሬኒየስ በ68 ዓመቱ ስቶክሆልም ውስጥ አረፈ።

አንዱ ይከፈላል፣ ሌላው አይከፈልም ብለው የተሟገቱበት የጨው ሞለኪውል በድስት ውስጥም፣ በአሞሌ ውስጥም፣ በባሕር ውስጥም አይገኝም። አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎሪን ብቻቸውን ተጣምረው እንዲገኙ ጨዉን ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አፍልቶ ወደ ተን መለወጥ ያስፈልጋል።